መርዶ በሰማያዊው አበባ መሃል

ጋሽ ሄራሞ የሞተ ዕለት ሱቄ ውስጥ ብርድ ልብስ እያጠፍኩ ነበር። አንዲት ደንበኛዬ ቀዩን ልውሰድ ቡናማውን እያለች ታማርጣለች። ስልኬ ሲጮህ የአገር ቤት ቁጥር አየሁና አነሳሁት።

«ምህረት ነኝ፣ የሄራሞ ልጅ። አባዬ ዛሬ ጠዋት ሞቷል። ቁጭ በይ።»

በቃ ይኸው ነው። «እንዴት ከረማችሁ» የለ፣ «ትንሽ አመም አድርጎት ነበር» የለ፣ መጀመሪያ ለጎረቤት፣ ከጎረቤት ለእህት፣ ከእህት ለባል እያለ የሚዞር ነገር የለ። እንደተባልኩት የብርድ ልብሱ ክምር ላይ ቁጭ አልኩ። ደንበኛዬ ፊቴን አይታ ቀዩንም ቡናማውንም አስቀመጠችና እጄን ያዘችኝ።

«ሌላም ነገር አለ» አለች ምህረት። ድምጿ አይንቀጠቀጥም፤ አልቅሳ ስትጨርስ ነው የደወለችው። «ለአጎቴ ለማቴዎስ በስልክ እንዳይነገረው። ከሁሉም በፊት ለእሱ ንገሩት፣ ሰው ራሱ ሄዶ ፊት ለፊት፣ ዛሬውኑ ብሏል አባዬ። አንቺ ሂጂ ብሏል።»

«እኔ? ለምን እኔ?»

«ወሬ ሆዷ አያድርም አለኝ።»

ይህ በእኛ ዘንድ ስድብ ነው። እናቴ ስታማርረኝ የምትለው ይህንኑ ነበር። ከጋሽ ሄራሞ ሲመጣ ግን ሹመት መሰለኝ። እንባዬ መጣ። ከእንባዬ ቀድሞ ደግሞ ንዴቴ መጣ፤ በርዶልኛል ብዬ የተውኩት ንዴት። በማን ላይ እንደሆነ ለመናገር ግን መጀመሪያ ሰውየውን ላሳውቃችሁ።

ጋሽ ሄራሞ የሆሳዕና አካባቢ ሰው ነው። ጆሃንስበርግ መሃል፣ እኛ ጀፒ በምንለው የጅምላ ሱቆች ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ሱቁ ከሱቄ ትይዩ ነበር። እሱም ብርድ ልብስና መጋረጃ፣ እኔም ብርድ ልብስና መጋረጃ። በደንብ መጣላት የሚገባን ሰዎች ነበርን። እሱ ግን ደንበኛ ዋጋ ሲከራከረው «ማዶ ያለችው ጥሩንባ ጋ ሂዱ፣ እሷ ትቀንሳለች» እያለ ወደ እኔ ይልካል። ጥሩንባ የሚለው እኔን ነው። አማርኛው ዝግ ያለ ነበር፤ ቃሉን ከመደርደሪያ እንደሚያወርድ ሰው አንድ በአንድ ነው የሚያወጣው። ሲቆጣ ግን ይፈጥናል፤ ደግሞ የማይቆጣበት ቀን አልነበረም።

የሚቆጣው በሌባ ወይም በፖሊስ እንዳይመስላችሁ። እሱን የሚያናድደው ሱቁ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው። ከከተማ ወጣ ባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች፣ እኛ ሎኬሽን በምንላቸው፣ ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ ሱቅ ከፍቶ የሚሠራ ሰው እዚያው ሱቁ ውስጥ ይተኛል፣ እዚያው ያበስላል፣ በብረት ፍርግርግ ቀዳዳ ዳቦና ሳሙና ሲያቀብል ዕድሜው ያልቃል። ታናሽ ወንድሙ ማቴዎስ ዛንድስፕሩት ውስጥ የሚኖረው እንዲህ ነበር። ዕቃ ሊገዛ ጀፒ በመጣ ቁጥር ጋሽ ሄራሞ ይይዘዋል።

«አንተ፣ ደቡብ አፍሪካ ነው የምኖረው ትላለህ አይደል? ከፍርግርግ ጀርባ የሚታይ አገር አገር አይደለም! እስረኛ እንኳ በቀን አንዴ ፀሐይ ይወጣል!»

ማቴዎስ ይስቃል። እሱ አይስቅም።

ስለዚህ በየዓመቱ መስቀል ሰሞን በሚውለው እሁድ ሱቃችንን አዘግቶ ገጠር ይወስደናል። ታክሲ ይከራያል፣ ውሃ በጀሪካን ይሞላል፣ ሰዉን በልመናም በቁጣም ይሰበስባል። «ፈረንጅ አገር መስከረም ላይ ቅጠሉ ይረግፋል አሉ» ይለኝ ነበር። «ይህ አገር ግን እንደኛው ያብባል። እግዜር የእኛን አዲስ ዓመት ያልረሳበት የሰው አገር ይህ ብቻ ነው። ታዲያ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠሽ ልታሳልፊው ነው?»

ቦታውን ያገኘው እንደመጣ ሰሞን ነው። ያኔ ብርድ ልብስ በትከሻው ተሸክሞ ከእርሻ እርሻ እየዞረ ይሸጥ ነበር፤ ግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ብሎ የቀረውም በዚያ ሸክም ነው። አንድ ቀን የእርሻ ውሻ ሲያባርረው ሮጦ ጫካ ገባ። ጫካው ውስጥ አበባ አየ። ሸክሙን አውርዶ ራሱን አስደገፈበትና ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተኛ። «ካገሬ ከወጣሁ እንቅልፍ የሚባል ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደኝ እዚያ ነው» ይላል።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ዓመት አጉረመረምኩ። የብረት በር ላይ ወረድን። በሩን የምትጠብቅ አንዲት አሮጊት አለች፤ እንደ አገሩ ወግ ጎጎ፣ አያቴ እንደማለት፣ እንላታለን። ጋሽ ሄራሞ «ሳውቦና፣ ጎጎ» ብሎ በሁለት እጁ ብርድ ልብስ ሰጣት። እሷ «ማዳላ፣ ዘንድሮም አልሞትክም?» ብላ ተቀበለችው። ማዳላ ሽማግሌው ማለት ነው። ከዚያ የባህር ዛፉን መሃል ይዘን ሄድን። ሽታው ጉለሌን አስታወሰኝና ጭራሽ ተነጫነጭኩ፤ ባህር ዛፍ ለማየት ነው እሁዴን ያቃጠልኩት? ባህር ዛፉ ሲያልቅ ቁልቁል ወረድን፣ ትንሽ ወንዝ በድንጋይ ተሻገርን፣ የአገሩ ዛፎች መሃል ገባን። ከዚያ ማዶ ያለው ዳገት ላይ ሰው ሰማያዊ ሸራ የዘረጋ መሰለኝ።

አበባ ነበር። አገዳው ቅጠል የሌለው፣ ጫፉ ላይ ጥቃቅን ሰማያዊ አበቦች ተሰብስበው የወጡበት፣ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ። ከዛፉ ሥር ጀምሮ ድንጋዩን እየዞረ እስከ ላይ ድረስ ሄዷል። እኔ፣ ያቺ ለፍላፊ፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጋሽ ሄራሞ ዘወር ብሎ አየኝና «ጎሽ፣ ጥሩንባዋ ተደፈነች» አለ።

እዚያ ቦታ ሕግ ነበረው። አበባ መቁረጥ ክልክል ነው። «ጎጎ ሥሩ መድኃኒት ነው ትላለች፣ ሌባ እየመጣ በጆንያ ይነቅለዋል። እናንተ ደግሞ ለጌጥ ልትጨርሱት ነው?» አበባው ላይ መቀመጥም ክልክል ነው፤ ድንጋይ አለላችሁ ይላል። ሁለተኛው ሕግ የዋጋ ወሬ ነው። ስለ ራንድ፣ ስለ ጅምላ፣ ስለ ኮንቴይነር ትንፍሽ ያለ ሰው ጀሪካኑን ይሸከማል። የዕድራችን ሰብሳቢ አቶ ጴጥሮስ በየዓመቱ ጀሪካኑን ይዘው ነው የሚወጡት፤ እሳቸው ስለ ዋጋ ካላወሩ ምን ያወራሉ?

ሦስተኛው ነገር ሕግ አልነበረም፤ የእሱ የራሱ ነው። ዳገቱ አናት ላይ ኔትወርክ የሚይዝ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እዚያ ይወጣና ለሚስቱ ለእትዬ አየለች ይደውላል፤ ስልኩን አዙሮ አበባውን ያሳያታል። እሷም በየዓመቱ አንድ ነገር ነው የምትለው።

«አንተ ሰው፣ ዘንድሮም ቀለም ቀባኸው? ሰማያዊ የመስቀል አበባ ይኖራል እንዴ?»

ያን ጊዜ ይስቃል። ዓመቱን ሙሉ ያልሳቀውን ሳቅ እዚያ ድንጋይ ላይ ነበር የሚጨርሰው። ከተለያዩ ልጃቸው ምህረት አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ወረቀቱ የጥገኝነት ነው፤ አገሩ ከገባ ተመልሶ መምጣት የለም። ስለዚህ ትዳራቸው በዓመት አንድ ጊዜ እዚያ ድንጋይ ላይ ይታደስ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። ጀፒ ተዘጋ። መንገዱ ላይ ወታደር ቆመ፣ ሲጋራ ሳይቀር ታገደ። እኔና ጋሽ ሄራሞ የምንኖርበት ሕንፃ አንድ ነው፤ እሱ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ብቻውን አንድ ክፍል ይዟል። ከሰዓት ከሰዓት እወጣለሁ፤ እሱ በሩ ላይ በርጩማ ይዞ ይቀመጣል፣ እኔ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ፣ በማስክ ውስጥ እንጯጯሃለን። የሰው ልጅ ፍርግርግ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን አሁን ዓለም ሁሉ አወቀ እያለ ይናደዳል። እኔ አስቀዋለሁ። የጎረቤቶቻችንን አነጋገር እያስመሰልኩ በሐምሌ ብርድ ሆዱን ይዞ እስኪስቅ አስቀዋለሁ።

እትዬ አየለች የሞተችው ግንቦት ላይ ነበር። ደም ግፊት ጣላት፣ በማግስቱ አረፈች። ዜናው ጀፒ የደረሰው በዚያው ቀን ነው። አቶ ጴጥሮስ ሰሙ፣ ማቴዎስ ሰማ፣ ዳቬይተን ያሉት ዘመዶች ሰሙ፣ ከምድር ቤት ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ሳትቀር ሰማች። ያልሰማ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ?

ዕድሩ በስልክ ተመካከረ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ መሰብሰብ ተከልክሏል፣ አውሮፕላን የለም፣ ሰውየው ብቻውን ነው፣ ቢሰማ ይሞትብናል አሉ። ነገሩ እስኪከፈት እንደብቀው ተባለ። ምህረትንም አስጠነቀቋት። ልጅቷ እናቷን ቀብራ ገና ሳትነሳ ለአባቷ እንድትዋሽ ታዘዘች። ለእኔም አልተነገረኝም። አቶ ጴጥሮስ «ለእሷ ከነገራችሁ እኮ እስከ ኬፕታውን ይሰማል» ብለው ነበር አሉ። ኋላ ስገምተው ግን ሌላም ምክንያት ነበራቸው። ጋሽ ሄራሞ በየቀኑ የሚያየው እኔን ነው። የማላውቅ ከሆንኩ ፊቴ አይዋሽም።

«አየለች ስልክ አታነሳም» ይለኛል። ምህረት አንድ ቀን ስልኳ ውሃ ገባበት ትለዋለች፣ ሌላ ቀን ለጸሎት ገጠር ሄዳለች፣ ሌላ ቀን ጉሮሮዋን ታማ ሐኪም አትናገሪ ብሏታል። እኔ ሞኟ ደግሞ አጅባለሁ። «ጋሼ፣ ኔትወርኩ ነው እኮ! የእኔም እናት አትገኝም!»

ሲጨነቅባት ምህረት የእናቷን የድሮ የድምፅ መልእክት ላከችለት። አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ አሰማኝ። «ደህና ነኝ ሄራሞ፣ እንዳታስብ፣ በርበሬውን አስፈጨሁ» ትላለች እትዬ አየለች። ደግሞ ከፈተው። ሦስተኛ ሊከፍተው ሲል ቆም አለ።

«ከኋላ ደወል ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል።»

«ቤታችን አጥር ለአጥር ከትምህርት ቤት ጋር ነው። አገር ቤት ትምህርት ቤት ተዘግቷል አላሉም?»

«የቤተክርስቲያን ይሆናላ! አንተ ደግሞ!»

ጋሽ ሄራሞ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

መስከረም ሲጠባ እገዳው ላላ። ያን ጊዜ አቶ ጴጥሮስ «የዘንድሮን ጉዞ ዕድሩ ራሱ ያዘጋጃል» ብለው አስነገሩ። እኔ ደስ አለኝ። ጀሪካን ሲሸከሙ የኖሩት ሰውዬ ልባቸው ለአበባ ተከፈተ ብዬ ብርቱካን ገዛሁ። እሁድ ጠዋት ሁለት ታክሲ ሙሉ ሰው መጣ። ማቴዎስ እንኳ ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ ጥቁር ካፖርት ለብሷል። ብርዱን ፈርቶ ነው አልኩ። መንገድ ላይ ስለ ዋጋ ትንፍሽ ያለ ሰው የለም። ጀሪካኑን አቶ ጴጥሮስ ማንም ሳይላቸው አነሱት። ጋሽ ሄራሞ ጎጎን ሰላም ብሎ ብርድ ልብሷን ሰጥቷት ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ እኔ ብቻ ከኋላው እየለፈለፍኩ እከተላለሁ። አንዴ ዘወር ብሎ ሰዉን አየና «ዘንድሮ ሰው በዛ» አለኝ።

አበባው በዚያ ዓመት ከወትሮውም ሞልቶ ነበር፤ ሰው ስላልረገጠው ይሆናል። ዳገቱን ወጥቶ ድንጋዩ ላይ ቆመ። ስልኩን አወጣ። «ዛሬስ ታነሳለች» አለ፤ ለማን እንዳለው አላውቅም። ቁጥሩን ነካ፣ ስልኩን ከፍ አደረገ። አቶ ጴጥሮስ ደርሰው እጃቸውን ስልኩ ላይ ጫኑ።

«ሄራሞ፣ አንድ ጊዜ እንቀመጥ።»

ሰዉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተቀመጠ። ሴቶቹ ከጃኬታቸው ሥር ጥቁር ሻሽ አወጡ። ቆመን የቀረነው እኔና እሱ ነን። ብርቱካን ልጬ በእጄ እንደያዝኩ የሰውን ፊት አንድ በአንድ አየሁና ገባኝ። እሱም ገባው። መጀመሪያ የተናገረው ነገር ግን ማንም ያልጠበቀው ነው።

«ከአበባው ላይ ተነሱ!»

ደንግጠው ዘለው ተነሱ። የተቀመጡበት ቦታ ሁሉ ሰማያዊው ተደፍጥጧል።

«መቼ ነው?» አለ። «መቼ ነው ያልኩት!»

«ግንቦት» አለ ማቴዎስ አንገቱን ደፍቶ።

«ግንቦት። በሰኔ በላሁ። በሐምሌ ስቄአለሁ። አንቺ፣ ስቄአለሁ አይደል? ሚስቴ አፈር ውስጥ እኔ በጥርሴ! ለቅሶዬን ተቀብላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ እንድታስቀምጡ ማን ፈቀደላችሁ?»

«ብቻህን ነበርክ እኮ» አሉ አቶ ጴጥሮስ። «እንዳትሞትብን ብለን ነው።»

«ብሞትስ? ሞቱ የራሴ ነው! ደወሉን ሰምቻለሁ እኮ። የተዘጋ ትምህርት ቤት አይደውልም። ሰው ናችሁ ብዬ፣ ጆሮዬን አስተባብዬ እናንተን አመንኩ!» ወደ ማቴዎስ ዞረ። «አንተማ ወንድሜ ነህ። ድምጿን እየሰማሁ ስጽናና ዝም አልክ።» ከዚያ ዳገቱን በእጁ አሳየን፤ ድምፁ እዚህ ላይ ብቻ ተሰበረ። «ደግሞ ቦታ አጣችሁ? ስንት ጨለማ ኮሪደር እያለ እዚህ አመጣችሁት? ለእኔና ለእሷ የቀረችን ይህች ብቻ ናት!»

አንዲት ሴት ዋይታዋን ልትጀምር አፏን ከፈተች። «አታልቅሱልኝ!» አለ። «ለቅሷችሁ ሻግቷል።»

ወርዶ ሄደ። ተከትዬው ሮጥኩ፤ አልጠበቀኝም። ስደርስ የብረት በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጎጎ «ማን ሞተብህ፣ ማዳላ?» አለችው። «ሚስቴ» አላት። ጠዋት የሰጣትን አዲስ ብርድ ልብስ ከላስቲኩ አወጣችና ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠች። ያን ጊዜ አለቀሰ። የእኛ ሰዎች ከጫካው ሲወጡ ጎጎ በእጇ «እዚያው» ብላ አስቆመቻቸው። ሁለት ታክሲ ሙሉ ሐዘንተኛ ባህር ዛፉ ሥር ቆሞ ቀረ።

አትሳሳቱ፤ መርዶ ክፉ ባህል ነው አልልም። አባቶቻችን ያወጡት ሰው ሲወድቅ የሚደግፍ ትከሻ አብሮ እንዲመጣ ነው። እኛ ትከሻውን ጣልነውና ድብብቆሹን ብቻ ያዝን። ለዚህ ነው የምናደደው። ደግሞም ሳቄን ተጠቅመው ሰውየውን ስላታለሉበት እናደዳለሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ሞተ። ጋሽ ሄራሞ ወሬ እንደሰማ ማስኩን አጥልቆ በጠራራ ፀሐይ የሰው በር ማንኳኳት ጀመረ። ትንሽ ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ፊቱ እንዲታይ ማስኩን ዝቅ ያደርጋል። «እህትህ ሞታለች። ቁጭ በል። እኔ አልሄድም።» ይህችው ናት ንግግሩ። እውነትም አይሄድም፤ አንዴ አንድ በር ላይ በርጩማውን ይዞ ከጠዋት እስከ ማታ ሲቀመጥ አይቼዋለሁ። ሰዎች ጠሉት። ደረጃ ላይ ሲያዩት መንገድ ይቀይሩ ነበር። «ጭካኔ ነው» ይሉታል። «ጭካኔ?» ይላል። «ጭካኔማ ሰውን ሟች ጋ እያስደወሉ ማየት ነው።»

አውሮፕላን ሲከፈት ወረቀቱን መልሶ አገሩ ገባ፤ መቃብሯን ለማየት። መስኮቱ ላይ የነበረውን መጋረጃ ለእኔ ተወልኝ። ማቴዎስ ሊሸኘው ኤርፖርት መጥቶ ነበር። ጋሽ ሄራሞ እጁን ጨበጠው፣ አልሳመውም። ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ በስልክ እንኳ አልተነጋገሩም።

እንግዲህ የስልኩ ዕለት ሱቄን ዘግቼ ስወጣ፣ ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ አቶ ጴጥሮስ ደረጃው ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ሰምተሻል አይደል? ነፍስ ይማር። ለማቴዎስ ግን እስከ እሁድ እንዳይነገረው። ስኳር አለበት፣ ብቻውን ነው። እሁድ ሰው ተሰብስቦ…»

ዕለቱ ረቡዕ ነበር።

«አቶ ጴጥሮስ» አልኩ፣ ድምፄ ደረጃውን ሙሉ እየተስተጋባ፣ «ብቻውን ከሆነ አሁኑኑ አብረን እንሂድ!»

«ኧረ ቀስ በይ ልጄ። ባህል አለን እኮ።»

«የኔታ መርዶ፣ እዚህ ቁጭ ብለው ባህልዎን ይጠብቁ» ብዬ አልፌያቸው ወረድኩ። አነጋገሬ ነውር ነበር፤ ነውር ይሁን።

ሁለት ታክሲ ቀይሬ ዛንድስፕሩት ደረስኩ። ማቴዎስ ከፍርግርጉ ጀርባ ለአንዲት ሴት ስኳር ያቀብላል።

«አንቺ! ምን እግር ጣለሽ? ጀፒ ተዘጋ እንዴ?»

«በሩን ክፈት።»

ከፈተልኝ። ገባሁና ማስኬን ዝቅ አደረግኩ። መንገዱን ሙሉ ሌላ ሌላ ቃል ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት፤ አንዱም አልመጣልኝም።

«ጋሽ ሄራሞ ዛሬ ጠዋት ሞቷል። ቁጭ በል። እኔ አልሄድም።»

አልተቀመጠም። የስኳሩን ማንኪያ እንደያዘ አየኝ። «አቶ ጴጥሮስ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ።»

«መቼ ሊነግሩኝ ነበር?»

«እሁድ።»

ሳቀ፤ ደግ ሳቅ አልነበረም። ከዚያ የለስላሳ ሳጥን ላይ ዘፍ አለ። «እንደተቆጣኝ ነው የሞተው?»

ይቅር ብሎሃል የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጣች። ማን ያጣራታል? ለአንድ ደቂቃ አቶ ጴጥሮስ ገቡኝ፤ ደግ ውሸት አፍ ውስጥ ሲቀመጥ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ አወቅኩ። ዋጥኳት።

«አላውቅም» አልኩት። «ይቅር ብዬዋለሁ በይው አልተባልኩም። የተባልኩት፣ ከሁሉም በፊት ለማቴዎስ ንገሩት፣ ሰው ራሱ ሄዶ ፊት ለፊት ይንገረው ነው።»

«ከሁሉም በፊት?»

«ከሁሉም በፊት።»

ያን ጊዜ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ዳቦ ፈላጊ በሳንቲም ፍርግርጉን ያንኳኳል። «ዝግ ነው! ወንድሙ ሞቶበታል!» ብዬ በሰባራ ዙሉዬ ጮህኩ። የሚያንኳኳው ሰው ቆቡን አወለቀና ሳይሄድ ቆመ። የማቴዎስን ክንድ ይዤ ሳጥኑን በሌላ እጄ ጎትቼ ከፍርግርጉ ውጪ አወጣሁት፤ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። እንደ ሕፃን ጮሆ አለቀሰ። ደንበኞቹ መጥተው ዙሪያችን ቆሙ፤ አንዲት ሴት ትከሻውን ያዘችው።

ስልኬ ጮኸ። አቶ ጴጥሮስ ናቸው።

«ልጄ፣ በእመቤቴ ይሁንብሽ፣ እንዳትነግሪው…»

«ነግሬዋለሁ» አልኩና ዘጋሁት።